«ለከብት ይሆናል» የምንለው በቆሎ

ዛሬ ወደ ዋጋ ከመግባቴ በፊት አንድ ሃሳብ ላንሳ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በእህል ንግድ ውስጥ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ዋጋ አለች፤ ሰንጠረዥ ላይ ለጥፌያት ግን አላውቅም። ፋብሪካ የመለሰው፣ ዝናብ የነካው፣ መጋዘን ውስጥ የከረመ በቆሎ ሲኖር «ችግር የለም፣ ለከብት ይሆናል» እንላለን። ዋጋው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዕቃው ይነሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ይቺን ቃል ያስጠሉኝ አዳማ ዙሪያ ያሉ ከብት አድላቢዎች ናቸው፤ ያውም አንድም ሳይቆጡኝ፣ እየሳቁብኝ።

ባለፈው ክረምት እርጥበቱ ከፍ ብሎ ገዢ የመለሰው አንድ መኪና በቆሎ እጄ ላይ ቀረ። ባለንብረቱ በየሰዓቱ ይደውላል፣ ሹፌሩ የቆመበትን ቀን ይቆጥራል። ናሙና ይዤ አድላቢዎቹ ጋ ሄድኩ። ጠዋት ከብቱን አብልተው ሲያበቁ ተሰብስበው ሻይ የሚጠጡበት ቦታ አላቸው። አንዱ ሽማግሌ ፌስታሉን ፈቶ አሸተተ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ከፈል አደረጋት፣ ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፦

«ኧረ ነጠላ ለብሶ ነው የመጣው! ለቅሶ ሊደርስ ነው መሰለኝ» አለ።

«የማን ለቅሶ?»

«የኔ በሬ ነዋ!»

ነጠላ ያለው ፍሬው ላይ የጀመረውን ነጭ ሻጋታ ነው። ሳቁ ጋብ ሲል «ጋሼ፣ ለከብት እኮ ነው» አልኩት። «እሱማ አውቃለሁ ልጄ። ከብቱስ ለማን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አልገዙኝም፤ ግን ደግሞ አላባረሩኝም። ሻይ አዘዙልኝ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በኩል ሳልፍ ሳልቀመጥ አልሄድም፤ ምክንያቱም የእነዚህ ሰዎች ቀልድ ውስጡ ሁልጊዜ ሥራ አለበት።

ለምሳሌ ገበያ ላይ ሆዱ የተወጠረ ሰንጋ ሲያዩ «ይሄ ማታ ጨው በልቶ ጠዋት ኩሬ ጠጥቶ ነው የመጣው፤ እስከ ሰባት ሰዓት ቆይተህ ግዛው፣ ግማሹን ይሸናዋል» ይሉሃል። ገዢው ይስቃል፣ ግን ሆዱን ትቶ የጎድኑንና የጭራውን ሥር በእጁ መዳበስ ይጀምራል። ስብ እዚያ ነው የሚታወቀው።

አዲስ አድላቢ ደግሞ ከሲታ በሬ ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን ፉርሽካና ፋጉሎ ሲቆልልለት «ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ሌሊት ክትፎ ላይ የወደቀ ሰው ሆዱን ምን እንደሚሆን አታውቅም?» ይሉታል። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ገለባና ሣር የለመደ ሆድ ወደ ጠንካራ መኖ የሚገባው ቀስ በቀስ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ነው። ካልሆነ በሬው ይነፋል፣ ከተነፋም ሊሞት ይችላል።

አንዱ ወጣት ዩሪያ ገለባ ላይ በትኖ ወዲያው ሊያበላ ሲል ደግሞ «በሬህን ማሳ አደረግኸው እንዴ?» አሉት። ሲስቁበት ቆይተው አሠራሩን አሳዩት፦ ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ገደማ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ አሟሙቶ መርጨት፣ በላስቲክ አየር እንዳያስገባ አፍኖ ሦስት ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ አናፍሶ ቀስ እያሉ ማስለመድ። እንዲሁ በትኖ ማብላት ከብት ይገድላል።

መተሳሰባቸውም እንደዚሁ ነው። የአንዱ በሬ እግሩ ተሰበረ። በዚያው ቀን ታርዶ ቅርጫ ገባ፣ ሁሉም ድርሻውን ወስዶ ከፈለ። «ሥጋውን አኝከን ሳንጨርስ ሂሳቡን ጨርሰናል» ብለው እስከዛሬ ባለበሬውን ይቀልዱበታል። ሰውየው ግን በዚያ ገንዘብ ሌላ በሬ ገዝቶ ሥራው ላይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ቡና ላይ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ትንሽ ሲያልፍ መለኪያ ይዘን እንጨቃጨቃለን። መኖ ላይ ግን መለኪያ ይዞ የሚሄድ ደላላ አላየሁም። የማን መጋዘን እንደሚያፈስ፣ የማን በቆሎ ውሃ እንደነካው እርስ በርስ እናውቃለን፤ ግን «የሰው ገበያ አልዘጋም» ብለን ዝም እንላለን። አድላቢዎቹ ፊት ለፊት ቀልደው የሚያወጡትን እኛ በጨዋነት ስም እንደብቀዋለን።

የምንደብቀው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በደንብ ባልደረቀ በቆሎና በፋጉሎ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል። ጉበት ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። እህሉን ፀሐይ ላይ ብታሰጣው፣ ብትፈጨው፣ ብትቀቅለው መርዙ አይጠፋም። የምትታለብ ላም ከበላችው ወደ ወተቱ ያልፋል። በፈረንጆቹ 2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና መርምሮ ከአውሮፓ ህብረት ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። ከተመረመሩት መኖዎች ውስጥ ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር። እንግዲህ «ለከብት ይሆናል» ያልነው ዞሮ በልጆቻችን ኩባያ ይመጣል ማለት ነው።

«ታዲያ የረጠበውን ምን እናድርገው? ኪሳራውን ማን ይሸከም?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። የኔ መልስ፦ ያበላሸው ይሸከም። አሁን የሚሸከመው ምንም የማያውቀው አድላቢና ወተት ጠጪው ነው። ኪሳራው ወደ ባለቤቱ ሲመለስ መጋዘኑ ይጠገናል፣ በቆሎውም ሳይደርቅ አይፈለፈልም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቻናል መኖ ለመሸጥ የሚልክልኝ ሰው ሦስት ነገር ይጻፍልኝ፦ የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ፣ እርጥበቱ ስንት እንደሆነ፣ ውሃ ነክቶት ያውቅ እንደሆነ። በቆሎ ከሆነ እርጥበቱ ከ14 በመቶ በላይ የሆነውን አልለጥፍም። ዩኒየኖች ደግሞ ከአባላት ስትረከቡ ለደረቀው ጨመር አድርጋችሁ ክፈሉ። ባለ ሦስት ሽፋኑ ከረጢት ነቀዝ ያቆማል፣ ግን እርጥብ እህል ከገባበት እዚያው ውስጥ ነው የሚሻግተው፤ ማድረቁ ይቅደም።

የዚያ መኪና በቆሎ መጨረሻስ? በሦስተኛው ቀን ሌላ ከተማ፣ ምንም ያልጠየቀ ሰው ገዛው። እኔም አልነገርኩትም። ኮሚሽኔን ተቀበልኩ። ቆይቼ አዳማ ስመለስ ሽማግሌው ገና ከሩቅ «ደላላው! ነጠላ ለባሹ የት ገባ?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ሻይ ግን አዘዙልኝ።

ሃሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፣ ተቃውሞም ካለ ይምጣ። የዛሬ ዋጋ ከሰዓት በኋላ ይለጠፋል። መልካም ገበያ።