የሰንጋው ሆርሞን በዓሣው ገላ

በአሜሪካ የከብት ማድለቢያዎች የሰንጋው ጆሮ ቆዳ ሥር ጥቃቅን ክኒኖች ይቀበራሉ። ክኒኖቹ ትሬንቦሎን የተባለውን ሰው ሠራሽ የወንዴ ሆርሞን ቀስ በቀስ እየለቀቁ ሥጋውን ያበዙታል። ሆርሞኑ ሁሉ ግን በእንስሳው ገላ ውስጥ አይቀርም። ከፊሉ ከእበት ጋር ይወጣል፤ ዝናብ ሲጥልም ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል።

ወንዙ ውስጥ ጣት የምታህል ዓሣ አለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በነብራስካ ከማድለቢያ በታች ከተያዙት መካከል የወንዶቹ የዘር ፍሬ አንሶ አግኝቷል። በቤተ ሙከራ ደግሞ ትሬንቦሎን ባለበት ውኃ የቆዩ ሴቶች እንቁላላቸው ቀነሰ፤ ወንዶቹ ብቻ በመራቢያ ወቅት ፊታቸው ላይ የሚያወጡትን እባጭም አወጡ። እንግዲህ እናቲቱ የአባት መልክ ይዛ ቀረች ማለት ነው፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አንችልም።

ውኃ ውስጥ የገባውን ሆርሞን ፀሐይ ታጠፋዋለች የሚል መጽናኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ምርምር ግን ብርሃን የለወጠው ውህድ ሲጨልም በከፊል ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ አሳየ። ቀን ብቻ የተቀዳ ውኃ ሐቁን ሁሉ አይናገርም።

አውሮፓ እነዚህን የማድለቢያ ሆርሞኖች ከከለከለች አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ክርክሩ ግን ያኔም ያተኮረው በበላተኛው ጤና ላይ ነበር። ክኒኑን የሚፈቅድ ባለሥልጣን ወንዙንም ይለካ፤ ሌሊትም ጭምር። ባለማድለቢያዎችም ፍሳሻቸውን በግቢያቸው ያስቀሩ፤ ፍግ በሚበተንበት ማሳና በወንዙ መካከልም ሣር የለበሰ ሰፊ መሬት ይተዉ።