ልጁም ከሬሳው አጠገብ ይቀመጥ

ስለ ሞት ለልጆች ከሚጻፉት የሥዕል መጻሕፍት አብዛኞቹ አይጥሙኝም። ቅጠል ይረግፋል፣ ያረጀ ቀበሮ በረዶ ላይ ያሸልባል፣ አያት ኮከብ ሆነው ሰማይ ላይ ይታያሉ። አስከሬን ግን የለም፤ አልቃሽም የለም። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች እንዲህ ያለ መሸፋፈን ብዙም አያውቁም። ቲም ቲፔኔ የጻፈው፣ ሁሃና ስሚዝ ሥዕሉን የሠራችለት «ሃኤሬ» (2005 እ.ኤ.አ.) አንድ ቤተሰብ አያቱን ጃክን ታንጊሃንጋ በሚሉት የለቅሶ ሥርዓት ሲሸኝ ያሳያል።

በዚህ ሥርዓት ሟች ማራኤ በሚባለው የጎሳው መሰብሰቢያ፣ ሳጥኑ እንደተከፈተ፣ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ሌሊትም ቢሆን ብቻውን አይተውም። አሮጊቶች የቅጠል ጉንጉን ደፍተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ለቅሶ ደራሹ በሴት ዜማ ተጠርቶ ይገባል፤ ተናጋሪው ፊቱን ወደ ሟች አዙሮ «አንተ» እያለ ያናግረዋል፣ ያወድሰዋል፣ ቅር ያሰኘው ነገር ካለም ይወቅሰዋል። ልጆቹስ? እዚያው ናቸው። ይሯሯጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ማታ እዚያው ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። የመጨረሻው ሌሊት ዘፈንና ቀልድ ነው። ከቀብር ሲመለሱ እጅ መታጠብና ድግስ አለ።

ድንኳንና ዕድር ለሚያውቅ ብዙው እንግዳ አይደለም። የሚለየን ልጁ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ይላካል፤ አባቱን ሲጠይቅ «ውጭ አገር ሄዷል» ይባላል። ለአዋቂ መርዶ ስንነግር ስንት የምንጠነቀቅ ሰዎች ለሕፃን ሲሆን ዋሽተን እናልፋለን።

ከሁሉ የምወደው ግን ለቅሶ ቤት የሌለበት ታሪክ ነው። ፒተር ጎሴጅ፣ ማዊ የሞትን አምላክ እንዴት እንደተዳፈራት ለልጆች በሥዕል ተርኮታል። ማዊ ፀሐይን በገመድ አስሮ ያዘገየ፣ ደሴትን በመንጠቆ ከባሕር ያወጣ ጀግና ነው። የሰው ልጅ እንዳይሞት ብሎ የሞት አምላክ የሆነችው ሂኔኑይቴፖ ወደተኛችበት ይሄዳል፤ ሐሳቡ በገላዋ ገብቶ በአፏ መውጣት ነው። ወፎቹን «እንዳትስቁ» ይላቸዋል። ጭራዋን እንደ ማራገቢያ የምትዘረጋው ትንሿ ፒዋካዋካ ግን ሳቋ ያመልጣታል። ሂኔኑይቴፖ ትነቃለች፤ ማዊ ይሞታል። አለቀ፣ አይነሣም። ያን ሁሉ ብልጠት የአንዲት ወፍ ሳቅ ገደለው!

ሂኔኑይቴፖም ብትሆን ጭራቅ አይደለችም። ቀድሞ ሂኔቲታማ ትባል ነበር፤ ባሏ ታኔ አባቷ መሆኑን ስታውቅ በኀፍረት ወደ ጨለማው ዓለም ወረደች፤ ልጆቿንም በመጡ ጊዜ ልትቀበል እዚያ ቀረች። (የታኔን ነገር ለትንንሾቹ ሳነብ እኔም እዘለዋለሁ።)

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኛው ማኦሪ ከገጠር ወደ ከተማ ፈልሷል፤ አውስትራሊያ የሚኖረውም ብዙ ነው። ዘመድ ሲሞት ከተሜው ሕፃን ረጅም መንገድ ተጉዞ የማያውቀው ግቢ ይገባል፣ የተከፈተ ሳጥን ያያል። የሥዕል መጽሐፉ የሚጠቅመው ያኔ ነው፦ በር ላይ ማን ይጠራናል፣ ጫማ የት ይወልቃል፣ መቼ ይበላል? ደራሲዎቹ በማጽናኛ ቃል ገጽ ከሚሞሉ ወጥ ቤቱንና ድንች የሚልጡትን አጎቶች ቢያሳዩን እመርጣለሁ፤ ልጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ማታ የት እንደሚተኛ ነውና።