መብራቱ ያመሻል፣ ታክሲው ቀድሞ ይገባል

አዲስ አበባ እንድታመሽ ታዝዛለች። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ዳር ያሉ የንግድና የአገልግሎት ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ሳይዘጉ እንዲቆዩ ያስገድዳል። ቀድሞ የዘጋ ይቀጣል።

ዕድሜ የጠገበ የከተማው ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። እሱ የሚያውቀው መንግሥት “ግቡ!” የሚል ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የደረሰበት ጨፋሪ መውጫ ስለሌለው በሩ ተቆልፎበት እስኪነጋ እዚያው ሲጨፍር ያድር ነበር። ብዙ ትዳር የተመሠረተውም፣ ብዙ ትዳር የፈረሰውም በዚያ ሰበብ ነው ይባላል። ከዚያም በኋላ በየአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ “በጊዜ ግቡ” መባል ለምደናል። አሁን “እንዳትገቡ” የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ለለውጥ ያህል እንኳ ደስ ሊለን ይገባል።

ደስም ብሎናል። የኮሪደሩ መብራት የመጣ ሰሞን “ሕዝብ ዳቦ ሲያጣ አምፖል ይሰቀላል” ያሉ ነበሩ፤ ይህ ጋዜጣ በዚያ ፌዝ አይስማማም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ምሽት ላይ የተራመደ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ትናንት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ትሮጥበት በነበረው መንገድ ዛሬ ሴት ልጅ ስልክ እያናገረች ትሄዳለች። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ይንሸራሸራል። ወጣቱ የብስክሌቱ መስመር ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ ብስክሌት እስኪመጣ ድረስ መስመሩ ሥራ ማግኘቱ አይከፋም። የእግረኛ መንገድ መስፋቱ፣ ጨለማ መገፈፉ፣ የሕዝብ መጸዳጃ መሠራቱ አብዛኛው ሰው በእግሩ ለሚሄድባት ከተማ ቅንጦት አይደለም።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ምሽት በአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። ካዛንቺስ ማንም ሳያዘው ያመሽ ነበር። ማሲንቆው፣ የጥብሱ ሽታ፣ ደጃፍ ላይ ሲጋራና ማስቲካ ይዞ የሚቀመጠው ልጅ፣ ሞቅ ያለውን ደንበኛ አግባብቶ ቤቱ የሚያደርሰው ባለ ላዳ፣ ሁሉም አንዱ በአንዱ እንጀራ ይበላ ነበር። ከአገር ውስጥም ከውጭም ሰው እየፈለገ ይመጣበት የነበረው የፈንድቃ አዝማሪ ቤት እዚያው ነበር። በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም አብሮ ፈረሰ። ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራ ተጓዘ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደንቡ ወጣ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ መጀመሪያ የሚያመሸውን ሰፈር አፈረስን፣ ቀጥለን የቀረውን “አምሽ” አልነው።

“ካዛንቺስ እኮ ያረጀ ሰፈር ነበር” የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። አዎ፣ ያረጀ ነበር። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ የነበረው ሰፈር ነው፤ ያንን በትዝታ ቀለም ቀብተን ልናስውበው አንፈልግም። የምንለው ቤቱ ሲፈርስ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሥራም አብሮ እንደፈረሰ፣ ለዚያ ሥራ ግን ምትክ ቦታ እንዳልተለካለት ነው። አዝማሪ ቤት በአዲሱ ሕንፃ የምድር ቤት ኪራይ አይዘልቅም። የሲጋራና የማስቲካው ልጅ ደግሞ በአዲሱ ንጣፍ ላይ ሳጥኑን ዘርግቶ ከተቀመጠ ደንብ ማስከበር ይመጣበታል።

እስቲ ደግሞ ወደ አንዱ ሱቅ እንግባ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አሻንጉሊቶቹ ሱፍ ለብሰው መስታወት ሥር ቆመዋል። ሻጯ ልጅ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ስልኳን ታያለች። ባልና ሚስት ገቡ። ጫማ አነሱ፣ ገለበጡ፣ ዋጋ ጠየቁ፣ ተያዩ፣ “እንመለሳለን” ብለው ወጡ። ልጅቷ ቀና አላለችም፤ እንደማይመለሱ እነሱም እሷም ያውቃሉ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ የአብዛኛው ደመወዝተኛ ኪስ ከሱቁ በፊት ይዘጋል። ለኪስ ደግሞ የመዝጊያ ሰዓት የሚያወጣ ደንብ እስካሁን አልተገኘም። ባለ ሱቁ ግን የመብራት ይከፍላል። የመብራት ታሪፉ ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗልና፣ ገዢ በሌለበት የሚበራው አምፖል ሒሳብ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይከብዳል።

ከሁሉ የባሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሞላ የሚመጣው ነው። ልጅቷ መዝጊያውን ጎትታ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መንገድ ዳር ትቆማለች። አጠገቧ የካፌው አስተናጋጅ፣ የፋርማሲው ሠራተኛ፣ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ የወጣው ልጅ አሉ፤ ሁሉም በደንቡ ያመሹ ናቸው። ሚኒባስ ይመጣል። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መስመር “ሳሪስ ብቻ! ሳሪስ ብቻ!” ይላል። ቀን ላይ በአንድ ታሪፍ የሚሄደው መንገድ ማታ ሁለትም ሦስትም ሆኖ ይቆራረጣል። ሳሪስ ወርዶ ሌላ መያዝ፣ ከዚያም እንደገና ሌላ። “ለምን ትቆርጣለህ?” ያለ ተሳፋሪ “ካልተመቸህ ውረድ” ይባላል፤ መውረድ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ራይድ የሚጠራ ይጥራ፤ የሱቅ ሠራተኛ ግን የቀን ደመወዙን ለአንድ መንገድ አይከፍልም።

ለትራንስፖርቱም የማታ ሰዓት እንደተቆረጠለት አልረሳንም። ችግሩ ሰዓት ወረቀት ላይ ስለሰፈረ ብቻ ሚኒባስ አለመምጣቱ ነው። ባለ ሚኒባሱ ነዳጅ ለመቅዳት የተሰለፈበትን ሰዓት፣ ባዶውን የሚመለስበትን መንገድ አስልቶ፣ የማያዋጣው ከሆነ መኪናውን ያስገባል። እሱን በትእዛዝ ማስመሸት የሚቻል አይመስለንም። የሚቻለው የከተማው የራሱ የሆነውን ማስመሸት ነው። መስከረም 2008 የተመረቀው ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አለው። ሲመጣ 41 ባቡር ነበረው፤ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፣ ቀሪው መለዋወጫ ሲጠብቅ ኖሯል። አንድ የሕንፃ ግንባር ቀለም በስንት ቀን እንደሚለወጥ ያየን ሰዎች፣ ባቡሩ ለመጠገን ለምን ይህን ያህል ዓመት እንደፈጀ ብንጠይቅ ነገር ፍለጋ አይሆንብንም። ባቡር ሲጠገን ሪባን አይቆረጥ ይሆናል፤ ሪባኑ ከጨነቀ በየባቡሩ በር አንድ አንድ ቢቆረጥ አንቃወምም።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። የግዴታው ሰዓት ይነሳና ማምሸት ለባለ ሱቁ ፈቃድ ይተው። ከተማው ምሽት የሚፈልግ ከሆነ ዋጋውን ይጋራ፤ ላመሸ ሱቅ የማታ መብራት በቅናሽ ሊታሰብ ይችላል። ለአዝማሪ ቤቱ፣ ለጀበና ቡናው፣ ለቆሎ ሻጯ በኪራይ የሚቻል ቦታ በአዲሶቹ ሕንፃዎች ሥር ይለካ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አውቶቡሱ ይቅደም፦ ከመሐል ከተማ ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ አራብሳ፣ ወደ ጀሞ፣ ሰዓቱ ተጽፎ የተለጠፈና በዚያው ሰዓት የሚመጣ የማታ አውቶቡስ። ሰው የሚያመሸው መመለሻውን ሲያውቅ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይህን እንኳ ደንቡ ቢነሳም ባይነሳም ከዛሬ ማታ ጀምሮ ማድረግ ይቻላል። ጠዋት በ2፡30 ሱቁን የከፈተች ልጅ ማታ በ3፡30 ከዘጋች 13 ሰዓት ሠርታለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓትም የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ቀድሞ የዘጋ የሚቀጣ ከሆነ፣ በኮሪደሩ እየዞረ የትኛው በር ተከፍቷል፣ የትኛው ተዘግቷል እያለ የሚመዘግብ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ያው ተቆጣጣሪ፣ በሩ ተከፍቶ ያገኘው እንደሆነ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ይግባና ልጅቷን ስንት ሰዓት እንደገባች፣ ትርፍ ሰዓቷም ይከፈላት እንደሆነ ይጠይቅ፤ መልሷንም በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።