አሮጌ ቀይ ወይን፦ ማስቆየት የሚያዋጣው የትኛውን ነው? መጠጣትስ መቼ?

በአማርኛ ንግግር አንድ ሰው ወይም አንድ ሥራ ጊዜ ባለፈ ቁጥር እየተሻለ ሲሄድ «እንደ ወይን እያደር ይጣፍጣል» ይባላል። አባባሉ ለሙገሳ ያገለግል እንጂ ለገዢ መመሪያ አይሆንም። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው ቀይ ወይን አብዛኛው በታሸገ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በመቆየቱ የሚያተርፈው ጥቂቱ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ወይንን ለማስቆየት መግዛት የሚገባው በጠባብ ሁኔታ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የመጠጫው ጊዜ አጠራጣሪ ሲሆን ከመዘግየት መቅደም ይሻላል። ለማሳያነት በዋናነት የተመረጠው የፈረንሳዩ ቦርዶ ሲሆን የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለውሳኔው መነሻ የሚሆነው ወይኑ በጠርሙስ ውስጥ የሚለወጥበት ምክንያት ነው። ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚወጣው ታኒን አፍን የሚያደርቅና የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ነው፤ ቀይ ቀለም የሚሰጠው አንቶሳያኒንም ከቆዳው ይገኛል። ሁለቱ በዓመታት ሂደት እርስ በርስ እየተያያዙ ትልልቅ ሞለኪውሎችን ይፈጥራሉ፤ ከፊሉም በጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል። በዚህም ወይኑ ይለዝባል፤ ቀለሙም ከሐምራዊ ወደ ጡብ መልክ ያዘነብላል። በዚያው ልክ የትኩስ ፍሬ መዓዛው እየደበዘዘ ለቆዳ፣ ለትንባሆና ለደረቀ ቅጠል ሽታ ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ መቆየት አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል እንጂ በነበረው ላይ መጨመር ብቻ አይደለም። በቂ ታኒንና አሲድ የሌለው ወይን ሲቆይ ፍሬውን ያጣል፤ በምትኩ የሚያገኘው ግን እምብዛም ነው።

ታኒን መብዛቱም ብቻውን ዋስትና አይሰጥም። የቦርዶ የ1975 ምርት በጠንካራ ታኒኑ የተነሣ ለረጅም ዕድሜ የታጨ ነበር፤ ሆኖም ከጠርሙሶቹ ብዙዎቹ ታኒናቸው ሳይለዝብ ፍሬያቸው ደረቀ። ተቃራኒው ምሳሌም አለ። በ1976 ፓሪስ ውስጥ በተካሄደው የቅምሻ ውድድር የካሊፎርኒያ ቀይ ወይን ቦርዶን ሲረታ፣ የካሊፎርኒያው ጠርሙስ እንደ ቦርዶ ዕድሜ አይችልም የሚል መከራከሪያ ተነሥቶ ነበር። በ2006 እነዚያው ወይኖች እንደገና በተቀመሱ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 5 ደረጃዎች የያዙት ካሊፎርኒያውያን ናቸው፤ ቀዳሚው የ1971 ሪጅ ሞንቴ ቤሎ ሆነ። ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንረዳው በሙያው የበቁ ሰዎች የሚሰጡት የዕድሜ ትንበያም ሰፊ የስሕተት ወሰን እንዳለው ነው።

ችግሩን ለተመራማሪ የሚያቀርበው ሌላ ጠባይም አለ፤ ናሙናው የሚለካው በመጥፋቱ ነው። ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ወይኑ የደረሰበትን ማወቅ አይቻልም፤ ከከፈቱት ደግሞ መልሶ ማስቆየት የለም። ከዚህ አንጻር አንድን ውድ ጠርሙስ ብቻውን ገዝቶ ለ20 ዓመት ማኖር ከአንድ ምልከታ ድምዳሜ ላይ እንደ መድረስ ነው። ለማስቆየት የሚገዛ ሰው በዚያው ገንዘብ ዋጋው መለስ ያለ ወይን 6 ወይም 12 ጠርሙስ ቢገዛ፣ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አንዱን እየከፈተ የለውጡን አቅጣጫ መከታተል ይችላል። ታኒኑ ለዝቦ ፍሬው ገና ሳለ ካገኘው የቀሩትን መጠጣት ይጀምር እንጂ ከዚያ የላቀ ጫፍ አይጠብቅ።

ታላቅን ወይን ያለ ዕድሜው መክፈት ብክነት ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ዳሩ ግን የሁለቱ ስሕተቶች ክብደት እኩል አይደለም። ቀድሞ የተከፈተ ወይን ቢጎረብጥም ፍሬው አለው፤ አፈ ሰፊ በሆነ የመስታወት ዕቃ ቀድቶ ለአንድ ሁለት ሰዓት አየር ማስነካትና ከሰባ ሥጋ ጋር ማቅረብ ጉርብጠቱን ያቃልለዋል። ጊዜው ያለፈበትን ወይን ግን የሚመልሰው ብልሃት የለም።

ዕድሜ የጠገበውን ጠርሙስ ከሌላው መግዛትስ? ይህ የመጠበቁን ድካም ያስቀራል፤ ነገር ግን ጥያቄውን ከወይኑ ወደ አቀማመጡ ያዞረዋል። ጠርሙሱ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጨለማ ቦታ ተጋድሞ ካልኖረ የምርት ዘመኑ ዝና አያድነውም፤ ሙቀት ለውጡን ያፋጥናል፣ የደረቀ ቡሽም አየር ያስገባል። በአንገቱ በኩል መጠኑ ከዕድሜው በላይ የጎደለ ጠርሙስ ይህን ይጠቁማል። ማጭበርበርም አለ፤ ሩዲ ኩርኒያዋን ሐሰተኛ አሮጌ ወይን አዘጋጅቶ በመሸጥ በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ ጥፋተኛ ተብሎ በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ስለዚህ ገዢ ሊከፍል የሚገባው ከመለያ ወረቀቱ ይልቅ ለታመነ የአቀማመጥ ታሪክ ነው። ገና በበርሜል ሳለ በቅድሚያ መግዛትም ትርፍን አያረጋግጥም፤ የቦርዶ የ2010 ምርት በከፍተኛ ዋጋ ከቀረበ በኋላ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ወይኖች ከመነሻ ዋጋቸው በታች ተገኝተዋል።

ነገሩ ባለጠጎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በከተሞቻችን በስጦታ የመጣ ቀይ ወይን በሳሎን ቡፌ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ብርሃን እየመታው፣ «ለደኅና ቀን» ተብሎ ለዓመታት ሲቀመጥ ይታያል። አብዛኛው ለማስቆየት አልተሠራም፤ የተሠራውም ቢሆን እንዲህ ባለ ቦታ ይጎዳል። ስለሆነም ውሳኔው በሦስት ጥያቄዎች ሊመራ ይችላል። ወይኑ ለመቆየት የሚያበቃ ታኒን፣ አሲድና ፍሬ አለው? የሚቀመጥበት ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አለ? እየከፈቱ ለመከታተል የሚበቃ ጠርሙስስ ተገዝቷል? ከሦስቱ የአንዱ መልስ እንኳ «የለም» ከሆነ ወይኑ ዘንድሮ ይጠጣ፤ ለደኅና ቀን የሚሆነውም በዚያው ሰሞን ይገዛ።