ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል
መንግሥት ሲናጋ ስለሚነገር ቃልና ስለ ንግድ ጥቅም

በማናቸውም አገር መንግሥት በተናጋ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበዛው ነገር ቃል ነው። ሹማምንቱ ይከላከላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ይወቅሳሉ፤ ትናንት ሲያጨበጭብ የነበረውም ዛሬ «አስቀድሜ አውቄው ነበር» ይላል። ይህ ሁሉ ንግግር ለተራው ሰሚ የዕለት ወሬ ሊመስለው ይችላል። ለነጋዴ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የተበደረው ገንዘብ ወለድ፣ ከውጭ የሚያስመጣው ዕቃ ዋጋና ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ከነዚህ ቃሎች ጋር አብረው ይነሣሉ፤ አብረውም ይወድቃሉ። ስለዚህ የፖለቲካ ሰዎችን ቃል እንደ ሸቀጥ አገላብጦ መመርመር፣ የሚረባውንም ከማይረባው መለየት ከንግድ ሥራ አንዱ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ነገር በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022) በእንግሊዝ አገር ከሆነው የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ሚስስ ሊዝ ትረስ የወግ አጥባቂውን ፓርቲ መሪነት ተወዳድረው ካሸነፉ በኋላ ጳጉሜን 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ተረከቡ። የገንዘብ ሚኒስትራቸው ሚስተር ክዋሲ ክዋርቴንግም መስከረም 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ አንድ ዕቅድ አቀረቡ። ዕቅዱ በዓመት እስከ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የግብር ቅነሳ ያለበት ሲሆን፣ ለዚህ ቅነሳ መተኪያ የሚሆን ገንዘብ ከወዴት እንደሚመጣ ግን አልተገለጸም ነበር። ከዚህም በቀር የመንግሥትን ሒሳብ በነጻ የሚመረምረው የበጀት ኃላፊነት ጽሕፈት ቤት ግምቱን ሳያቀርብ ታለፈ። በገንዘብ ሚኒስቴር ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያሉት ከፍተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ሰር ቶም ስኮላርም ገና ጳጉሜን 3 ቀን ከሥራቸው ተሰናብተው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ፓውንድ ስተርሊንግ መስከረም 16 ቀን ከአንድ ዶላር ከአራት ሳንቲም በታች ወረደ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። መንግሥት ለ30 ዓመት በሚበደርበት ሰነድ ላይ የሚከፈለው ወለድ ከመቶ 5 አለፈ። በነዚሁ ሰነዶች መያዣነት ሒሳባቸውን ያደላደሉት የጡረታ ገንዘብ ድርጅቶች የሚጠየቁትን ተጨማሪ መያዣ ለማሟላት ሰነዶቹን በጥድፊያ መሸጥ ጀመሩ፤ ሽያጩም ዋጋውን ይበልጥ ጣለው። መስከረም 18 ቀን የእንግሊዝ ባንክ እስከ 65 ቢሊዮን ፓውንድ ድረስ ሰነድ ለመግዛት ዝግጁ መሆኑን አስታውቆ ገበያውን አረጋጋ፤ በመጨረሻ የገዛው ግን 19.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። ባንኮች ለቤት መግዣ የሚሰጡትን የብድር ውል በብዛት ከገበያ አነሡ፤ የሁለት ዓመት የተወሰነ ወለድ ያለው ብድርም በአማካይ ከመቶ 6 በላይ ደረሰ። ሚስተር ክዋርቴንግ ጥቅምት 4 ቀን ተሻሩ። ሚስስ ትረስ ጥቅምት 10 ቀን ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። በጠቅላይ ሚኒስትርነት የቆዩት 49 ቀን ብቻ ሆነ።

ታሪኩ ይህ ነው። በነዚህ ሳምንታት የፖለቲካ ሰዎች በአደባባይ የተናገሩትን ለመመርመር ደግሞ ቃላቸውን በየወገኑ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ወገን የተከላካዩ ቃል ነው። ሚስተር ክዋርቴንግ ገበያው በተደናገጠ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 15 ቀን እሑድ፣ ለቢ.ቢ.ሲ. በሰጡት ቃል ገና ሌላም የግብር ቅነሳ እንደሚመጣ አመለከቱ። ሚኒስትሩ ይህን ያሉት ደጋፊዎቻቸውን ለማበረታታት ይሆናል። ነገር ግን ሰኞ የእስያ ገበያ ሲከፈት ፓውንድ ወደዚያ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅተኛ ዋጋ ወረደ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በወዳጆች መካከል ቢነገር ጉዳት የማያመጣ ቃል ከባለ ሥልጣን አፍ ሲወጣ የአገር ገንዘብ ዋጋ ሆነ። ሚስስ ትረስም ጥቅምት 9 ቀን በምክር ቤቱ ፊት ቆመው ታጋይ እንጂ ከትግል የሚሸሹ እንዳልሆኑ ተናገሩ፤ በማግሥቱ ለቀቁ። እንዲህ ያለው መከላከያ ለተናጋሪው ክብር የቆመ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን ቀጥሎ የሚናገረውን እውነት እንኳ የሚያምን ሰው ማሳጣት ነው።

ሁለተኛው ወገን ከራሱ ከመንግሥቱ ፓርቲ የወጣው ወቀሳ ነው። በዚህ ወገን ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃል ተሰምቷል። ሚስተር ማይክል ጎቭ መስከረም 22 ቀን፣ የፓርቲው ጉባኤ በበርሚንግሃም ሊከፈት ባለበት ዕለት፣ በብድር ገንዘብ ግብር መቀነስ የወግ አጥባቂነት ሥርዓት እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሩ። ነቀፌታቸው አንድ የታወቀ ነገር የሚነካና ምክንያቱን የያዘ ነበር። በማግሥቱ መስከረም 23 ቀን ከ150 ሺህ ፓውንድ በላይ በሆነ የዓመት ገቢ ላይ የሚከፈለውን ከመቶ 45 የሆነ ግብር የመሻሩ ዕቅድ ተነሣ። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በመጨረሻዎቹ ቀኖች የጎረፈው የምሬት ቃል ነው። ምሬቱ እውነተኛ እንደ ነበረ አይካድም፤ ነገር ግን የሚታረመውን ነገር አያመለክትም፤ ቁጥርም የለበትም፤ ነጋዴም ከእርሱ የሚማረው የመንግሥቱ ዕድሜ ማጠሩን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ወገን የተቃዋሚው ቃል ነው። የሠራተኞች ፓርቲ መሪ ሰር ኬር ስታርመር ጠቅላላ ምርጫ እንዲደረግ ጠየቁ። ተቃዋሚ ምርጫ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ይህን ከመናገርም የሚያጣው ነገር የለም። ይበልጥ ሊታሰብ የሚገባው ግን ሌላው ንግግራቸው ነው። ፓርቲያቸው የባለ ጸጎችን ግብር መቀነስ ሲቃወም፣ ለማኅበራዊ ዋስትና በሚከፈለው መዋጮ ላይ የተደረገው ጭማሪ እንዲነሣ ግን ደግፎ ነበር። በኋላ አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ሚስተር ጄረሚ ሀንት ጥቅምት 7 ቀን ከዕቅዱ አብዛኛውን ሲሽሩ ሳይነኩ ከተዉዋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው የተስማሙበት ነገር መንግሥት ቢለወጥም የመጽናት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህም ቢሆን የማይዛነፍ ሕግ አይደለም፤ ከገቢ ግብር መነሻ መጠን ላይ አንድ ከመቶ ለመቀነስ ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው ሳለ፣ ገንዘብ ስለ ታጣለት ብቻ ተትቷል።

አራተኛው ከውጭ አገር የመጣው ቃል ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መስከረም 17 ቀን፣ ዕቅዱ ገና ባልተነካበት ጊዜ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ነቀፌታውን አሰማ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚስተር ጆ ባይደን ደግሞ ዕቅዱ ስሕተት መሆኑን የተናገሩት ጥቅምት 5 ቀን፣ ይኸውም ሚስተር ክዋርቴንግ በተሻሩ በማግሥቱ ነው። የሁለቱ አሳብ ተመሳሳይ ቢሆንም ዋጋው ልዩ ልዩ ነው። ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ምሳሩ ስለ በዛ ግን የመጨረሻው ቆራጭ እንደ ፊተኛው ሊመሰገን አይገባውም።

አምስተኛውና ከሁሉ የበለጠው ግንዱ ሳይወድቅ የተነገረው ቃል ነው። ሚስተር ሪሺ ሱናክ በዚያው ክረምት ከሚስስ ትረስ ጋር ለፓርቲው መሪነት ሲወዳደሩ፣ መተኪያ የሌለው የግብር ቅነሳ የዋጋ ውድነትንና ወለድን እንደሚያባብስ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ይህን መናገር በዚያን ጊዜ ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ የፓርቲው አባሎች የግብር ቅነሳን የሚወዱ ስለ ነበሩ በምርጫው ከመቶ 42.6 አግኝተው ተሸነፉ። መንግሥቱ ሲናጋ በነበረባቸው ሳምንታት አደባባይ ወጥተው «ብያችሁ ነበር» ለማለት አልተጣደፉም፤ ይልቁንም ዝምታን መረጡ። ጥቅምት 15 ቀን ሥልጣኑን ሲረከቡም ስሕተት መሠራቱን፣ ስሕተቱም ከክፉ አሳብ የመነጨ አለመሆኑን፣ እርሱንም ለማረም መመረጣቸውን በአጭር ቃል ገለጹ። ሚስተር ሱናክም ቢሆኑ ፓርቲያቸውን ከሽንፈት አላዳኑም፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ የሠራተኞች ፓርቲ በታላቅ ብልጫ አሸነፈ። ቢሆንም የ2014ቱ ማስጠንቀቂያቸው እውነትነት በዚህ አይቀነስም።

መንግሥት በተናጋ ጊዜ መንቀፍ መናጋቱን ያባብሳል፤ ስለዚህ የአገር ወዳድ ተግባር ዝም ማለት ነው የሚሉ ሰዎች አይታጡም። ይህ አስተያየት በአንድ በኩል እውነት አለበት፤ ቃል ገበያን ሊያስደነግጥ እንደሚችል ከላይ ታይቷል። የእንግሊዝ ባንክ ገዥ ሚስተር አንድሩ ቤይሊ እንኳ ጥቅምት 1 ቀን ለጡረታ ገንዘብ ድርጅቶቹ ሦስት ቀን ብቻ እንደ ቀራቸው በተናገሩ ጊዜ ፓውንድ ወርዶ ነበር። ነገር ግን ባንኩ በተባለው ቀን መግዛቱን አቆመ፤ ቃሉም ታመነ። በእንግሊዝ አገር መደናገጡን ያመጣው የነቃፊዎች መብዛት ሳይሆን አስቀድሞ መካሪ መጥፋቱ ነው። የመርማሪው ጽሕፈት ቤት ግምት ቢቀርብ፣ የለመዱት ሹም ቢሰሙ፣ ስሕተቱ በጽሕፈት ቤት ውስጥ በወረቀት ላይ ይታረም ነበር። በወረቀት ላይ ያልታረመው በገበያ ላይ ታረመ፤ የእርማቱንም ዋጋ ቤት ለመግዛት የተበደረው ሰውና ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣው ነጋዴ ከፈሉት። ሚስተር ሀንት ጥቅምት 7 ቀን በዓመት 32 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል የሚያወጣውን የግብር ዕቅድ መሻራቸውን በቁጥር በገለጹበት ዕለት ግን የብድሩ ወለድ ቀነሰ፤ ፓውንድም ከፍ አለ። ገበያው የለሰለሰ ቃል አልጠየቀም፤ የሚቆጠር ቃል ጠየቀ እንጂ።

በዚህ ነገር የንግድ ሰዎችም ከነቀፌታ ነጻ አይደሉም። መስከረም 13 ቀን ዕቅዱ በተነገረበት ዕለት ከአገሪቱ የንግድ ማኅበራት አንዳንዶቹ በደስታ ተቀብለውት ነበር። የኩባንያ ትርፍ ግብር ከመቶ 19 ወደ 25 ከፍ እንዲል የተወሰነው ቀርቶ በ19 እንዲጸና በዕቅዱ ስለ ተነገረ፣ ደስታው የማይገባ አልነበረም። ነገር ግን ከ21 ቀን በኋላ ይኸው ውሳኔ ተሽሮ ግብሩ እንደ ቀድሞው ወደ 25 እንዲወጣ ተደረገ። በመካከሉ በ19 ሒሳብ አስልቶ መሣሪያ ሊገዛ ወይም ፋብሪካ ሊያስፋፋ የተነሣ ሰው ምን ያድርግ? ከመቶ 25 የሆነ የማይናወጥ ግብር፣ በሦስት ሳምንት ሁለት ጊዜ ከሚለዋወጥ ከመቶ 19 ይሻላል። ይህን በኋላ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ተረድተው ከሁሉ በፊት መረጋጋትን ጠየቁ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው በመጀመሪያው ቀን ጠይቀው ቢሆን ግን ይበልጥ በተመሰገኑ ነበር።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቡና በዓለም ገበያ የሚሸጠው በዶላር ስለ ሆነ፣ ፓውንድ በወረደ ቁጥር የሎንዶን ቡና ቆይና ሻጭ ለአንድ ኬሻ የሚከፍለው ይጨምራል፤ ከእንግሊዝ አገር ለዘመዱ ገንዘብ የሚልከውም ሰው የላቡ ዋጋ ይቀንስበታል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም፣ ስለ ገንዘብና ስለ በጀት በአደባባይ የሚነገር ቃል ለኢትዮጵያ ነጋዴ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው።

እንግዲህ የፖለቲካ ሰው ቃል በመጣ ጊዜ ነጋዴ ሊጠይቃቸው የሚገባ አራት ጥያቄዎች አሉ። ቃሉ የተነገረው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሚታረመውን ነገር በስሙና በቁጥሩ ይጠራልን? ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይናገራልን? ተናጋሪው ይህን በመናገሩ የሚያጣው ነገር አለን? ለአራቱም መልካም መልስ የሚገኝለት ንግግር ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የንግድ ምክር ቤቶችም ሚዛኑን በሌላው ላይ ብቻ ሳያነሡ፣ ደስ በሚያሰኛቸው የግብር ቅነሳ ላይ እንኳ ሳይቀር ጥያቄውን በጊዜው ማቅረብ ይገባቸዋል። ግንዱ ከወደቀ በኋላ ምሳር የሚያነሣ አይጠፋም፤ ዛፉ ቆሞ ሳለ ሥሩን የሚመረምር ግን ለመንግሥትም ለንግድም ባለ ውለታ ነው።