ስለ ኢንሱሊን ፓምፕ ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

የስኳር በሽታ የሚያድረው በአንድ ሰው ሰውነት ነው፤ ጥንቃቄው ግን የቤተ ሰብ ሁሉ ነው። ምግብ የምታሰናዳውም፥ እንግዳ የሚቀበለውም፥ በአንድ ክፍል አብሮ የሚያድረውም ነገሩን ያላወቀ እንደ ሆነ፥ በፍቅር ያደረገው ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ኢንሱሊንን ጥቂት በጥቂት ወደ ሰውነት ስለሚያስገባው፥ ፓምፕ ስለሚባለው ትንሽ መሣሪያ ልንጽፍ ወደድን። ለመጻፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው፤ እርሱንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ከጨጓራ በስተ ኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። በእርሱም ኀይል ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት ክፍሎች ይገባና ብርታት ይሆናል። አንደኛው ዐይነት የስኳር በሽታ በያዘው ሰው፥ ቆሽቱ ይህን ማመንጨት ስለሚያቋርጥ ኢንሱሊን ከውጭ ካልገባለት ሊኖር አይችልም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት ለይተው አወጡ። በሚከተለው በ1922 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፥ ሊሞት ሲያጣጥር ሳለ ተወግቶ 13 ዓመት ያህል በሕይወት ቈየ። ከዚያ ወዲህ መርፌው የብዙ ሰዎች የዕለት ባልደረባ ሆኖ ኖሯል።

መርፌ በቀን አራትና አምስት ጊዜ መወጋት አድካሚ ስለ ሆነ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አርኖልድ ካዲሽ የተባለ የሎስ አንጀለስ ሐኪም ኢንሱሊንን በራሱ የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በጀርባ የሚታዘል ትልቅ ሸክም ነበርና ለዕለት ኑሮ አልተመቸም። የዛሬው ፓምፕ ግን በመዳፍ ውስጥ ይያዛል። በውስጡ ኢንሱሊን የሚሞላበት ትንሽ ብልቃጥ አለ፤ ከዚያም ቀጭን ቱቦ ወጥቶ በሆድ ወይም በጭን ቈዳ ሥር ይገባል፤ የሚገባበትም ስፍራ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀን ይለወጣል። ቱቦ ሳይኖረው በሰውነት ላይ የሚለጠፍም አለ። መሣሪያው ቀንና ሌሊት ጥቂት ጥቂት ይለቃል፤ ባለቤቱ ሊበላ ሲል ደግሞ የምግቡን መጠን ይነግረውና ጨምሮ ይሰጠዋል። በ2016 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ ከተፈቀደው መሣሪያ ጀምሮ፥ በቈዳ ላይ ከተተከለ መለኪያ የስኳሩን ልክ እያነበበ የሚለቀውን በራሱ የሚቀንስና የሚጨምር ፓምፕ ተገኝቷል። ይህም ቢሆን ሰው ስንት እንጀራ እንደሚበላ አስቀድሞ አያውቅምና መንገር አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ መታወቅ አለበት። በመርፌ የሚታከም ሰው ብዙውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ የሚቈይ ኢንሱሊን ይወጋል። በፓምፕ ውስጥ ያለው ግን ፈጥኖ ሠርቶ ፈጥኖ የሚያልቅ ብቻ ነው። እንግዲህ ቱቦው ቢታጠፍ፥ ቢነቀል ወይም መሣሪያው ቢወልቅ፥ በሰውነት ውስጥ የተቀመጠ ስንቅ የለም። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደሙ በኪቶን ይመረዝ ይጀምራል።

በእኛ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር በቤታችን ሠርግ ነበረ። አሜሪካን አገር ያደገች የእኅታችን ልጅ ለወንድሟ ሠርግ መጥታ ነበር፤ እርሷም ፓምፕ ታጥቃለች። የአገር ልብስ ስትለብስ ቀሚሱ ኪስ ስለሌለው መሣሪያውን ከመቀነቷ ሥር አሰረችው፤ በጥበቡም ላይ እብጥ ብሎ ታየ። «ልጄ፥ ለፎቶግራፉ ጊዜ እንኳ አውልቂው፤ ሰው ምን ይላል?» አልናት። እንዲህ ያልናት እኛው ነን። ታላላቆቿን ማሳፈር አልወደደችምና፥ ከቀኑ በሰባት ሰዓት አውልቃ በቦርሳዋ ከተተችው። ቦርሳውም ከእንግዶች ዕቃ ጋር በአንድ ክፍል ተቈለፈበት፤ ቍልፉን የያዘው ሰው ሙሽሮቹን ተከትሎ ሄደ።

ፎቶግራፉ አለቀ፤ ምሳው፥ ዘፈኑ፥ ምርቃቱ ቀጠለ። በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ውኃ ደጋግማ ትጠይቅ ጀመር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን አስታወከች፤ ትንፋሿም ፈጠነ። አንዱ ምግቡ አልተስማማትም አለ፤ አንዲት አሮጊት ዓይን በልቷታል ብለው ጭስ እንዲጨስላት አዘዙ። ነገሩን የተረዳው የ12 ዓመት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ «ፓምፗ የት አለ?» ብሎ ጮኸ። መለኪያው ሊያነብ ከሚችለው በላይ ሆኖ አገኘነው። በሩ ተሰብሮ ቦርሳው ወጣ፤ እርሷ ግን በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ገባች። በደም ሥሯ ውኃና ኢንሱሊን ሲሰጣት አድሮ፥ በሦስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች።

ከዚህ በኋላ ስለ ማዕድም ጥቂት እንበል። በአገራችን እንግዳ ማክበር ማለት ማጉረስ ነውና፥ «በሞቴ» የተባለ ሰው እንቢ ማለት ይቸግረዋል። ፓምፕ ያለው ሰው ግን ኢንሱሊኑን የሚያዘው አስቀድሞ በሚያስበው መጠን ነው። እንጀራውን ቈጥሮ ካዘዘ በኋላ ሦስት ጉርሻ ቢጨመርበት ሌላ ሒሳብ ይፈልጋል፤ ካዘዘ በኋላ ወሬ በዝቶ ማዕዱ ቢዘገይ ደግሞ ስኳሩ ይወርዳል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ምግቡ መቼ እንደሚቀርብ ብትነግረው፥ ከጉርሻ ይልቅ ይህ ክብር ነው። ጤፍ ለስኳር በሽተኛ አያሰጋም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ጤፍም እንደ ስንዴ ስታርች ያለበት እህል ነውና ይቈጠራል። በቤት ውስጥ እንጀራው ሁልጊዜ በአንድ ምጣድና በአንድ መጠን ቢጋገር ቍጥሩን ያቀልላል። ጠጅና አረቄ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚይዙ፥ የጠጣ ሰው ስኳሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊወርድበት ይችላል።

ስኳር ሲወርድ ሰውነት ይርዳል፥ ያልባል፥ ሰውዬውም ያለ ምክንያት ይቈጣል። ልቡ ካልጠፋ 15 ግራም ስኳር፥ ይኸውም በሻይ ማንኪያ አራት ያህል፥ በውኃ በጥብጦ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደ ገና መለካት ነው። ራሱን የሳተን ሰው ግን በአፉ ምንም አይጨመርበትም፤ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ስኳሩ ወጥቶ አልወርድ ሲል ደግሞ በሽተኛው ሐኪሙ ባዘዘለት ልክ በመርፌ ይወጋል፤ ቱቦውም ይለወጣል። ስለዚህ ፓምፕ ያለበት ቤት መርፌና ብልቃጥ፥ ትርፍ ቱቦና ባትሪ አይጣበት። በአገራችን መሣሪያው ብርቅ ነውና፥ የጐደለውን ከመደብር ገዝቶ ወዲያው ማግኘት አይቻልም።

የእኅታችን ልጅ ዘንድሮ ደግሞ ልትመጣ ነው። ቀሚሷን ለሚሰፋው ልብስ ሰፊ ያዘዝነውን፥ ተመሳሳይ ችግር ላለባቸው አንባቢዎች እንነግራለን። ከወገብ በታች በቀኝ ጎን በውስጥ በኩል የመዳፍ ስፋት ያለው ኪስ ከነክዳኑ ይሰፋ፤ በኪሱ ጀርባ ለቱቦው ማለፊያ አንዲት የቍልፍ ቀዳዳ ትተው፤ ጨርቁም ድርብ ይሁን፥ መሣሪያው ከባድ ነውና ነጠላው ጨርቅ ይወርዳል። በመቀነቱ ላይ እብጥ ብሎ ቢታይም ይታይ ብለናል።