ሮገን ቢራ ከሆነ፣ ጠላስ?

በፍራንክፈርት ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው ጻይልስሃይም የሚኖር የተማረ ኢትዮጵያዊ፣ ጀርመኖች ሮገን እንግሊዞች ራይ ከሚሉት እህል የተጠመቀ ቢራ ሲቀርብለት ሥርዓቱን ያውቅበታል። አስቀድሞ ያሸታል፤ የጥቁር ዳቦን ቅርፊትና የቅመም ጠረን ይለያል። ሮገን ለመጠጡ የሚሰጠውን ወፈር ያለ፣ በምላስ ላይ የሚንሸራተት ባሕርይ ያደንቃል፤ ድፍርስነቱንም የጥራት ምልክት አድርጎ ይቀበለዋል። ጠላ ሲቀርብለት ግን ይህ ሁሉ ትዕግሥት ይጠፋል። በወይራ የታጠነው የጋን ጠረን ጭስ፣ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ የሚይዝ፣ ድፍርስነቱም ንጽሕና የጎደለው ይባላል።

ንቀቱ ከምላስ አልመጣም። ሕግና ዋጋ ስም የሰጡትን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ሮገን ራሱ ከቢራ ዓለም የተባረረ እህል ነበር። ኤፕሪል 23 ቀን 1516 (እ.ኤ.አ.) በኢንጎልሽታት የወጣው የባቫርያ ድንጋጌ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ ብቻ እንዲጠመቅ አዘዘ፤ ስንዴና ሮገን ለዳቦ እንዲተርፉ መፈለጉ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። የዛሬው የጀርመን ሕግ እርሾው ወደ ላይ በሚንሳፈፍባቸው ቢራዎች ሌሎች ብቅሎችን ስለሚፈቅድ ሮገን በ1980ዎቹ መጨረሻ ከባቫርያዋ ሺርሊንግ ተነሥቶ ወደ ገበያ ተመልሷል።

ያው ሕግ ግን ሩዝን፣ በቆሎንና ማሽላን ለቢራ ብቅል ከሚሆኑ እህሎች አይቆጥርም፤ ማምረሪያውም ሆፕ እንዲሆን ይጠይቃል። (ሆፕ በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጌሾ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ተርጓሚው ከሕግ አውጪው ቸር ነው።) ስለዚህ ጻይልስሃይም ውስጥ በማሽላ ብቅልና በጌሾ ጠምቆ ቢራ ብሎ ሊሸጥ የሚሻ ሰው፣ ለልዩ ቢራዎች የተተወውን የፈቃድ በር ማንኳኳት ይኖርበታል። በሌላ የኅብረቱ አገር በሕጋዊ መንገድ ቢራ ተብሎ የተሸጠ መጠጥ ግን በአውሮፓ ፍርድ ቤት የ1987 ውሳኔ መሠረት እዚያው ከተማ ሊሸጥ ይችላል።

የጠላ ነቃፊዎች ጠንካራው መከራከሪያ ሌላ ነው፤ የአልኮል መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል፣ በጥቂት ቀናት ይሆመጥጣል፣ ለጭነት አይመችም ይላሉ። እውነት ነው። የፊንላንድ ሳህቲም እንዲሁ ነው። የገበሬ ቤት መጠጥ ነው፤ ከገብስ ብቅልና ብዙ ጊዜ ከሮገን ይጠመቃል፣ በጥድ ቅርንጫፍ ይጠለላል፣ ድፍርስ ነው፣ ቶሎ ይበላሻል። ፊንላንዳውያን ግን አሠራሩን በዝርዝር ጽፈው በ2002 በአውሮፓ ኅብረት የባህላዊ ምርቶች መዝገብ አስመዘገቡት። የጠላ ተለዋዋጭነት መጻፍን ግድ የሚል ምክንያት እንጂ መጠጡን ለመተው ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ሳይጻፍ የቀረ ነገር በሌላ ሰው ሊጻፍ ይችላል። የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ መብት ሰጥቶ ነበር፤ በኔዘርላንድ የነበረው መብት በፍርድ የተሻረው በ2018 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ያውም የሺህ ዓመታት እህል ላይ።

በዲያስፖራ ያሉት የምግብ ኬሚስቶች፣ የንግድ ሕግ ጠበቆችና የልማት አማካሪዎች ስለ «እሴት መጨመር» በየጉባኤው ይናገራሉ። የጥንስሱን፣ የእንኩሮውንና የድፍድፉን ቀናት፣ የጌሾውን መጠን፣ የብቅሉን ዓይነት ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሸዋ ጠማቂዎች ጋር ተቀምጠው፣ የሙያው ባለቤት የሆኑትን ሴቶች በስም አስፍረው የሚመዘግብ ሰነድ ግን ጠረጴዛቸው ላይ አይታይም። የኅብረቱ ሥርዓት ከአባል አገሮች ውጭ ላሉ አምራቾችም ክፍት ነው፤ የኮሎምቢያ ቡና በ2007 በዚያው ኅብረት የተጠበቀ ስም አግኝቷል። ማመልከቻውን ለመሙላት የሚያስፈልገው ሙያ ፍራንክፈርት ውስጥ አለ፤ ቅዳሜ ማታ የሮገን ቢራ እያሸተተ ነው።